የሽመልስ ጄት በእኛ ሰማይ

ሰኔ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ማለዳ
ላሚቱን እያለብኩ ነበር። ሽማግሌዎች በር ላይ ቆሙ። ከኋላቸው ግርማ፣ የልጄ የሽመልስ የሥራ ባልደረባ። ገባኝ። ሽመልስ ከትናንት በስቲያ ታሞ ዐርፏል። መንገዱ ጭቃ ሆኖ እዚያው አዲስ አበባ ቀበሩት። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም፣ ደብተሬ።

ሰኔ 20
ግርማ አልሄደም። ሽመልስ በአውሮፕላን ማረፊያው ጎማና ፍሬኑን ይጠግንለት ስለነበረው ጄት ጠየቅሁት። ከሽመልስ መወለድ በፊት የተሠራ ነው አለ። ለቅርብ መንገድ የተበጀ፤ በቀን ብዙ ጊዜ ይነሳል፣ ያርፋል። ቶሎ የሚያልቀው ጎማው ነው። በደርግ ጊዜ ወታደር ጭኗል፣ በድርቁ ጊዜ መድኃኒት። አሁን ነጋዴና ቱሪስት። ወንበሩ ሲያረጅ ወንበሩን፣ ሞተሩ ሲደክም ሞተሩን እየለወጡ ያኖሩታል።
ደግሞ ስሚኝ፣ ደብተሬ፦ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደ መቀሌ ሲሄድ በእኛ ላይ ያልፋል። ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ የማን እንደሆነ ሳላውቅ።

ሐምሌ 10
ለአርባው ሜዳ ላይ ለቅሶ እንቀመጣለን። በወጋችን የሟች በቅሎ ተጭና፣ ጠመንጃው ተይዞ ይወጣል። ሽመልስ ሁለቱም የለው። የባለቤቴ ወንድም አቶ ደምሴ በቅሎዬን ላውስሽ አሉ። እምቢ አልኩ። የልጄ በሰማይ ይመጣል አልኳቸው።
«በቅሎስ ልጓም አላት። ያንቺን ማን ይስብልሻል?» አሉኝ።
አገሩ ሁሉ ሰማ። ጄቱ ሳያልፍ ቢቀር ልጄ መሳቂያ ሊሆን ነው። እኔ ግን ልቤ ይዘላል። ሐዘንተኛ እንዲህ ይሆናል?

ሐምሌ 20
ጉም። የጎረቤት ቤት እንኳ አይታይም። እመብርሃን፣ ለነገ ግለጪልኝ። እንደ ሙሽራ እናት እገባለሁ፣ እወጣለሁ።

ሐምሌ 21፣ ማርያም
አልተገለጠም። አቶ ደምሴ በቅሎዋን ጭነው መጡ። ተቀመጥን። አልቃሿ ጀመረች። 3 ሰዓት አለፈ። ሰው እኔን እኔን ያያል። ከዚያ በደቡብ በኩል፣ ከጉሙ በላይ፣ ድምፁ። መጣ፣ መጣ፣ መጣ! አልቃሿ ሙሾዋን አቋርጣ ቀና አለች። በቅሎዋ ጆሮዋን አቆመች። አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።
«ይኸው ሽመልስ» አልኩ።
ማንም አልሳቀም። ወደ ሰሜን እስኪጠፋ ሁሉም ቆሞ ሸኘው። አቶ ደምሴ ኮርቻውን በገዛ እጃቸው ፈቱት።

ከእኔ በኋላ ይህን የምታነቡ፣ የልጄ የክርስትና ስም ወልደ ሚካኤል ነው። በጄት ሄዳችሁ ጎማው መሬት ነክቶ በደህና ሲቆም፣ በዚህ ስም ጠርታችሁ ነፍስ ይማር በሉልኝ።