ወ/ሮ ሐመልማል ሕሩይ፣ የ«ጎጆ መውጫ» ልጆች የምግብ መምህርት

ወ/ሮ ሐመልማል ሕሩይ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሕሩይ ወልደሰንበት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ለተጊዮርጊስ በላቸው ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሲሆኑ፣ እናታቸው ከጓሯቸው ጎመንና ድንች እያመረቱ ጉሊት ይሸጡ ነበር። ወ/ሮ ሐመልማልም የጎመን ዘር ሳይዘሩ ያለፈ ክረምት አይታወስም፤ ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ እንኳ በረንዳውን በባልዲ ሞልተው ዘርተውበታል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው፣ በኮተቤ የመምህርነት ሥልጠና ወስደው ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ለሠላሳ አንድ ዓመት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ሳይንስና ባልትና አስተማሩ። በ1983 ዓ.ም. ከአቶ ወንደሰን ከበበ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ፣ ሀሴትን ወለዱ። አቶ ወንደሰን በ2003 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እናትና ልጅ አያት በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ አብረው ኖረዋል። ይህን የጻፈችው ያችው ልጅ ናት። ስለ ራሷ እንደ ሌላ ሰው የምታወራው ወጉ እንዲያ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ «እኔ» ማለት ስለከበዳት ነው።

በ2010 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እንደተሰናበቱ፣ ከሕፃናት ማሳደጊያ ዕድሜያቸው ሞልቶ የሚወጡ ወጣቶች ራሳቸውን እስኪችሉ የሚኖሩበት «ጎጆ መውጫ» የተባለ ቤት ኮተቤ ውስጥ መከፈቱን ሰሙ። ልጆቹ ትልቅ ድስት ሲወጣ እንጂ ምግብ ሲበስል አይተው አያውቁም ነበር። ጠዋት ማታ በዘይት የራሰ ፓስታ ይበሉ ነበር። ወ/ሮ ሐመልማል በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩት ስለ ምጣድና ስለ ድስት አልነበረም። ሁሉንም ይዘው ጉሊት ወረዱና ጎመንና ቆስጣ መምረጥ፣ ካሮት መግዛት፣ ሳያፍሩ መከራከር አሳዩአቸው።

ሕጋቸው ጥቂት ነበር። ዘይት በማንኪያ ይለካል እንጂ ከጠርሙሱ አይንቆረቆርም። ጎመን እስኪጠቁር አይቀቀልም። ጨው ገበታ ላይ አይቀመጥም፤ ያነሰበት ተነሥቶ ማድ ቤት ድረስ ይሂድ። መነሣት ስለሚሰለቻቸው ማንም አይሄድም ነበር። በዚህ ዘዴ ሃያ ሦስት ልጆች አስተምረው ጎጆ አስወጥተዋል።

በጾም ወራት ጿሚዎቹ ከሰዓቱ በፊት ወጥ ስለማይቀምሱ፣ የቤቱ ቀማሽ ከልጆቹ መካከል የማትጾመው ጴንጤዋ አሳየች ነበረች። ወ/ሮ ሐመልማል ማንኪያውን ሰጥተዋት «አሳየች፣ ቅመሽልኝ» ይሏታል፤ እሷም ጨው ልኩ መሆኑን ትነግራቸዋለች። ልጆቹ «ቀማሿ» ብለው ይቀልዱባት ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ወ/ሮ ሐመልማል በአንገታቸው ላይ ዕጢ ተገኝቶ ለሰባት ሳምንት የጨረር ሕክምና ተከታተሉ። ዳኑ ተባለ፤ ቤተሰቡም ተደሰተ። ሆኖም ምላሳቸው ጣዕም መለየት አቁሞ ነበር። ጨውን ከስኳር የማይለይ ሰው ምግብ ላስተምር ቢል ማን ያምነዋል ብለው ፈርተው፣ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ወደ ጎጆ መውጫ የተመለሱት ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ የምትቀምሰውም አሳየች ስለነበረች፣ ጾሙ ሸፈነላቸው።

የ2016 ዓ.ም. ፋሲካ አልፎም ግን «ቅመሽልኝ» ማለታቸው አልቀረም። በዚያው ሳምንት ሁለት ልጆች ሳይነጋገሩ አንድ ምስር ላይ ጨው ጨመሩ። ወ/ሮ ሐመልማል አንድ ማንኪያ ሙሉ ጎረሱና ፊታቸውን ሳይቋጥሩ «ጎበዞች» አሉ። አሳየች ያን ጊዜ ገባት። ጨዉን እንዲመጥ ድንች ልጣ ድስቱ ውስጥ ጨመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳትጠራ ከምድጃው አጠገብ ትቆም ነበር፤ ወ/ሮ ሐመልማልም ለምን እንደምትቆም ያውቁ ነበር።

ቤታቸው ውስጥ ግን አሳየች አልነበረችም። አንድ ቀን ወጡ አልጫ፣ ሌላ ቀን ጨው በጨው ይሆናል። ልጃቸው ሀሴት «እማዬ፣ ሰውን ጨው ቀንሱ እያልሽ ለኔ ሲሆን ትደፊዋለሽ?» አለቻቸው። ቀጥላም ከመገናኛ ምግብ በሞተር እያስመጣች እዚያው ፊታቸው ትበላ ጀመር። እሳቸው የሠሩትን ብቻቸውን ይበሉ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሕመሙ ተመለሰባቸው። ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ልትጠይቃቸው የመጣችው አሳየች፣ ሀሴት የምታውቅ መስሏት ነገሩን ሁሉ አጫወተቻት። ሀሴት ይቅርታ ልትጠይቅ ወደ አልጋው ስትመለስ ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልነቁም። ሦስት ቀን ሙሉ እጃቸውን ይዛ ለመነቻቸው። ይስሟት አይስሟት አታውቅም። ይህ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ያንገበግባታል።

ወ/ሮ ሐመልማል ሕሩይ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። አንዲት ልጃቸውን ሀሴትን፣ ወንድማቸውን አቶ ወልደ ኢየሱስ ሕሩይን፣ እንዲሁም «እትዬ» የሚሏቸውን የጎጆ መውጫ ልጆች ትተው ሄደዋል።

ከቀብር መልስ የሚቀርበውን የጾም ምግብ ያበሰሉት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ቀኑ የጾም በመሆኑ የቀመሰችው አሳየች ብቻ ናት። ገበታው ላይ ጨው አልተቀመጠም። ልጃቸው ሀሴት የቀረበላትን ሁሉ፣ ካጠገባችሁ ተቀምጣ፣ ሳትነሣ ትበላለች።

የተራበ ያበላን የማይረሳ አምላክ፣ ለወ/ሮ ሐመልማል ከደጋጎቹ ገበታ ቦታ ይስጥልን፤ የጠፋባቸውን ጣዕም በመንግሥቱ ይመልስላቸው። አሜን።