የወንድዬ መስኮት ሸረሪት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ፎቶ ቤቱን ከፍቼ ዋልኩ። ጉርድ ፎቶ ብቻ። ተማሪዎች ናቸው፤ አንዱም ሳይስቅ ሄደ።

ዝናቡ ሲያባራ ዘግቼ ወደ ቁልቋሎቹ ወጣሁ። ጥንዚዛ አገኘሁ፤ ጀርባዋ ላይ ጠብታ ተሸክማለች። ወንድሜ ወንድዬ እንዳሳየኝ ሌንሱን ገልብጬ ገጠምኩት። እንዲህ ሲገጠም ጉንዳን በሬ ያክላል። የሌንሱ ማጥሪያ ቀለበት ግን አይሠራም፤ ራሴ ነኝ ወደፊት ወደኋላ የምለው። «ትንፋሽሽን ያዢ፣ ትህትና። ጥንዚዛዋ እስክትረሳሽ...» ይለኝ ነበር ወንድዬ።

ያዝኩ። ከኋላዬ ሰው ተነፈሰ።

ዞርኩ... ማንም የለም። ፎቶው ደበዘዘ።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

ዛሬም። ተርብ እያነሳሁ ነበር። እኔ ትንፋሼን ስይዝ እሱ ይጀምራል፤ ስለቅ ያቆማል። ነፋስ ነው እንዳልል ቅጠል አልተነቃነቀም። ፎቶዎቹ በሙሉ ደብዛዛ።

ወንድዬ ጥር ላይ ለሠርግ ቀረጻ በሞተር ወደ ወረኢሉ እንደወጣ ነው። ሠርጉ ቤት አልደረሰም። ስልኩ ዝግ። ዘመድ አዝማድ ልቅሶ እንቀመጥ ሲል እማዬ ጮኸችበት። «ሬሳ ሳላይ? አታሟርቱብኝ!»

እኔስ ምን ብዬ ልጻፍ? አለ? ነበር?

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ጾም ገባ። የወንድዬ ክፍል መስኮት ላይ ሸረሪት ድር አድርታለች። እማዬ ድሩን አታስነካም። ሸረሪት በክሯ ቁልቁል ከወረደች እንግዳ ይመጣል ትላለች። በየጠዋቱ ገብታ ቀና ብላ ታያታለች።

ጎረቤታችን ፈይዛ መጥታ «አብሽሩ እትዬ ይርገዱ፣ አላህ ያመጣዋል» አለቻት።

«አሜን» አለች እማዬ። ዓይኗ ግን መስኮቱ ላይ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ምን አደረግሁ!

ሸረሪቷን ላነሳ ወንበር ላይ ወጣሁ። ዓይኖቿ ስምንቱም ጥርት ብለው ገቡልኝ። ትንፋሼን ያዝኩ። ያኛው ትንፋሽ መጣ... ጆሮዬ ሥር። ደነገጥኩ፤ የያዝኩት ትንፋሽ እፍ ብሎ ወጣ። ሸረሪቷን መታት። በክሯ ቁልቁል ወርዳ ተንጠለጠለች።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። እልል አለች።

«እኔ ነኝ እፍ ያልኩባት» ልላት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን ሳይ ዘጋሁት። ወዲያው የወንድዬን አልጋ አንሶላ ገፍፋ ልታጥብ ወጣች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ያጠበችውን አንሶላ አነጠፈች። «ጾም ሆኖ ነው እንጂ ያ አውራ ዶሮ ዛሬን አያድርም ነበር» እያለች ትስቃለች። ከጥር ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ዓባይነህ ግን ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ላይ ሲያዩን አንገታቸውን ደፉ። ሌላ ጊዜ እኮ ከሩቅ ነው ሰላም የሚሉን። ምነው?

ነገ እነግራታለሁ። ነገ...

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እማዬ ቀድማኝ ሮጠች። «ወንድዬ!» ብላ ከፈተችው።

ጋሽ ዓባይነህ። ቄሱ። ከወረኢሉ የመጣው አጎቴ አሻግሬ። በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ አለ? መርዶውን ለበዓሉ ሲሉ አቆይተውት ነው።

ከነሞተሩ ገደል ሥር አገኙት። አጎቴ የካሜራውን ማንገቻ እጄ ላይ አኖረው። ጭቃው ደርቆበታል።

እማዬ ገና ፈገግታዋ ከፊቷ አልጠፋም ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ቤቱ ለቀስተኛ በለቀስተኛ ሆኖ ሰነበተ። ዛሬ ትንሽ ፋታ ስናገኝ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ሸረሪቷ እኔ እፍ ብዬባት ነው የወረደችው።»

ድምጿ ተዘግቷል፤ ጠጋ ብዬ ነው የሰማኋት።

«ታዲያ ምን ዋሸች? እንግዳ ይመጣል አለች፣ መጣ። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም።» ከዚያ «በይ ድሩን ጥረጊው» አለችኝ።

መጥረጊያውን በሩ ላይ ጥዬ መጀመሪያ ካሜራውን አነሳሁ። ማንገቻውን አንገቴ ላይ አጠለቅሁ። ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ትንፋሼን ያዝኩ፤ ጠበቅሁት። ኧረ ወንድዬ፣ ጠበቅሁህ! ደረቴ እስኪቃጠል ያዝኩ። ዝም። ጓሮ ዶሮው ጮኸ፣ ሌላ ምንም።

ፎቶ አነሳኋት። ሸረሪቷን በብርጭቆ ይዤ ቁልቋሉ ላይ ለቀቅኋት፤ ተመልሼ ድሩን ጠረግሁ።

ፎቶው ጥርት ብሎ ወጥቷል። ምነው በደበዘዘ።