ወደ ግራ ያዘነበለው ሊድ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ የማያስተኛሽ ሳልስ ለቀቀሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ድምፄን ሳትሰሚም ስዋሽ ታውቂብኛለሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። አባዬ በሕይወት እያለ በእጁ የሚበይዳቸው የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች እኔ ጋ ይመጡና በራጅ መሣሪያው አያቸው ነበር። ከላይ ሲያዩት ያማረ ብየዳ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ከራጁ ግን አይደበቅም። ቀልጦ የሚበየድበት ሊድ ጠቁሮ፣ አየር የገባበት ቦታ እንደ አረፋ ነጥቶ ይወጣል። የበያጁ እጅም ይታወቃል። አባዬ ግራኝ ስለነበር የሚበይድበትን የጋለ ካውያ ሲያነሣ ሊዱ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ጭራ ያበጃል። ከስንቱ ብየዳ መሃል የሱን እለየው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ አንድ ቦርድ አስገብቼ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ፣ የአባዬ እጅ ነበር።

እማዬ፣ አልቀለድኩም። ያዘነበለው ሊድ፣ ጭራው፣ ሁሉም። የድሮ ቦርድ ተቀላቅሎ ይሆናል ብዬ ገልብጬ የቀን ማህተሙን አየሁ፤ የዚህ ወር ነው። ሌላ አስገባሁ፤ ያው። ሌላም፤ ያው። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ መስኮት የላትም፣ ከማራገቢያው በቀር ድምፅ የለም። ሳላስበው "አባዬ?" አልኩ። ወዲያው መልስ እንዳይመጣ ፈርቼ ጆሮዬን ያዝኩ።

ለፎርማኑ ሳሳየው፣ "ንጹሕ ብየዳ ነው፣ ምን ሆነሻል? አሳልፊው እንጂ" ብሎኝ ሄደ። ማን እንደበየደው አልጠየቅኩትም። ምን ብዬ ልጠይቅ?

በማግስቱ እንደምንም ራሴን አደፋፍሬ ወደ ብየዳ ክፍል ወረድኩ። አባዬ ካረፈ ወዲህ ባዶውን የነበረው በርጩማ ላይ ሰው ተቀምጧል። ካውያው በግራ እጅ ተይዟል። ጭሱ በከንፈር ጥግ እፍ ይባላል፤ ልክ እንደሱ። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ቀና ስትል ልጅ እግር ሴት ናት፤ አዲስ ተቀጣሪ። ማን እንዳስተማራት ስጠይቃት "አባቴ" አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያሳያት ነበር። ከዚያ አንድ ሰሞን ቀረ። ከእናቷ ጋር ሲጠብቁት ሰንብተው፣ መሞቱን የሰሙት ከተቀበረ በኋላ ነው። ለቅሶ እንኳ አልደረሱም። ዓይኗን አየሁና የራሴን ሰበርኩ።

የኛ ቅዳሜ ያለ አባዬ ያልፍ እንደነበር፣ "ሥራ በዝቶበት ነው" እያልሽ ምሳውን ከድነሽ ታስቀምጪለት እንደነበር ትዝ አለኝ።

ልሄድ ስል ጠርታኝ፣ "እዚህ ቦታ ይሠራ የነበረው ሽማግሌ የት እንደተቀበረ ታውቂ ይሆን?" አለችኝ። እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቅ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ትናንት ወደ አባዬ መቃብር ወሰድኳት። አላለቀሰችም። ድንጋዩን በመዳፏ ጠረገችና "ከባለቤቱና ከአንድ ልጁ" የሚለውን አነበበች። "አንድ" የሚለው ላይ ጣቷን አሳርፋ ብዙ ቆየች።

እናቴ፣ ምንም አልጠይቅሽም። የምታውቂውንም የማታውቂውንም ለራስሽ ያዢው። ብቻ እሑድ ወደ መቃብሩ ስትሄጂ አበባ ተቀምጦ ብታገኚ፣ የኔ አይደለም። እሷ ራሷ ቆማ ካገኘሻት ደግሞ ከኋላ ስታያት አባዬን መስላሽ እንዳትደነግጪ፤ እስክትዞር ጠብቂ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይመልስልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ልብሽን ያጽናው።

ልጅሽ፣
የአባዬ ትልቋ