አሥራ አራት ቀይ እርማት

ማክሰኞ፣ ጥር 19 ቀን
ከመምህራን ክፍል

ለምወድህ ልጄ ለማሙሽዬ፣

እንዴት ነህ የኔ ጌታ? ጤናህስ? አድራሻህን የሰጠችኝ እህትህ ናት፤ ለምኛት ነውና እንዳትቆጣት። እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከመለገሙ በቀር።

ዘንድሮ ተማሪዎቻችን ድርሰት የሚጽፉት በኮምፒውተር ነው፤ እኛም እዚያው ላይ እናርማለን። ለእኛም አሰልጣኝ ተመደበችልን፣ በእህትህ ዕድሜ ያለች። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ስበላ የኖርኩትን ሴትዮ ምን ልታሰለጥነኝ ነው ብዬ ነበር። ካረጁ አይበጁ እንዳይሉኝ ብዬ ግን እሺ አልኩ።

ትናንት አጠገቤ ቁጭ ብላ የአንዲት ተማሪዬን ድርሰት ከፈተች። ልጅቷ የጻፈችው ስለ አባቷ ሞት ነው። እኔ ዘጠኝ ቦታ አርሜላታለሁ። ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይመዘግባል፤ ልጅቷ እርማቴን አንዴ ከፍታ አይታዋለች፣ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልጨመረችም።

«እትዬ፣ ልጅቷ ምን አለችዎት?» አለችኝ አሰልጣኟ።

ስለ ነጠላ ሰረዙ ልነግራት ጀመርኩ።

«እሱን አይደለም፤ ምን አለችዎት?»

ዓይኔን ወደ ድርሰቱ መለስኩ።

«መጀመሪያ የሰሙትን ይጻፉላት። ከዚያ ከልብዎ አንድ ጥያቄ ይጠይቋት። እርማቱ ይደርሳል» አለችኝ።

ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። በሄድክ በስድስተኛ ወርህ የላክልኝን ሦስት ገጽ ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መለስኩልህ። ግርጌው ላይ «ጎበዝ፣ ግን ተጠንቀቅ» ብዬ። ፍቅር መስሎኝ ነው ልጄ፤ ደስ እያለኝ ነው ያረምኩት። ይኸው ስምንት ዓመት አንድ መስመር አልጻፍክልኝም፤ እኔም ምን በደልኩት እያልኩ ለእህትህ ሳማህ ኖርኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእጁስ?

ዛሬ ጠዋት ለልጅቷ የሰማሁትን ጻፍኩላት። እስካሁን አልከፈተችውም፤ በየእረፍቱ እየሄድኩ አያለሁ።

ለአንተም የሰማሁትን ልጽፍ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ያ ደብዳቤህ አሥራ አራት ስህተት እንደነበረበት አስታውሳለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አራት ነጥብ እንደዘለልክ እንኳ አስታውሳለሁ። የነገርከኝን ግን አላስታውስም። ልቤ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው።

ክፉ አይይህ፣ ያሰብከው ይሙላልህ፣ ደግ ሰው ይግጠምህ። ስትጽፍልኝ እንደመጣልህ ጻፍ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፦ ያኔ ምን ነበር ያልከኝ?

እናትህ