ከመስቀል በኋላ የሚያብበው

ሰልሚያ፣

የአገና ሚኒባስ ሞልቶ ሳይሄድብኝ ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው።

ቧንቧው ሥር ያለውን አፈር እንዳትነኪ! ለመስቀል ግቢው እንዲያምርልኝ ብለሽ፣ አረም መስሎሽ የነቀልሻቸውን ሥሮች ከቆሻሻው ክምር ለቅሜ ዛሬ ጠዋት መልሼ ተክያቸዋለሁ። ያጸዳሽው ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ይሁን። መስቀል ሲደርስ ቤትና ግቢ እንደሚጸዳ እኔም አውቃለሁ፣ ያደግኩበት ነው። ግን አበባ ከመቼ ወዲህ ነው ቆሻሻ የሆነው?

ከቸሃ ወንዝ ዳር በፌስታል ያመጣሁት ያገራችን አበባ ነው። እርጥብ መሬት ይወዳል። ቢጫውን የሚያወጣው አደይ ረግፎ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሥሩ ከተረፈ ደግሞ በየዓመቱ ራሱ ይመጣል። የልብስ ማለቅለቂያሽን ውሃ እዚያው ድፊው፣ በረኪና ያለበትን ግን እንዳታስጠጊው።

አከራያችን እትዬ ወርቅውሃ እንደ ልማዳቸው «ጽጌረዳ ትከሉበት» ካሉሽ፣ ቦታው ተይዟል በያቸው። ወልቂጤ ጽጌረዳ አልጎደላትም። ማዕዶት ናት ያለችው በይ፣ አልፈራም።

ትናንት ጎረቤት ፊት ስለጮህኩብሽ...
ተይው፣ ረፍዶብኛል።

ስመለስ ቆጮና አይብ አመጣልሻለሁ። የኛን ሥጋ እንደማትበዪ አልረሳሁም።

ደግሞ አንዷን ከመስኮትሽ ፊት ለፊት ተክያታለሁ። ስትፈካ መጀመሪያ የምታያት አንቺ ነሽ። እሷንም ንቀይና እንተያያለን!

ማዕዶት