ከግራ የገቡ ጎሎች

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ለተማርያም፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? የቦሎኛ የሐምሌ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? የምትንከባከቢያቸው ሴትዮ ተሻላቸው ወይስ ዛሬም ሾርባው ቀዘቀዘ እያሉ ያስመርሩሻል? ልጅሽ ዮዲስ እንዴት ናት? ፊደል ራስሽ አስቆጥረሻት አማርኛ ማንበብ መቻሏን የሰማን ቀን እዚህ ቤት እልል ነው የተባለው። በሚያዝያ ከደረጃ ወድቀሽ የተሰበረው እጅሽስ ገጠመልሽ? ደረጃው እርጥብ ነበር ብለሽን ነበር። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጅሽ ኡራኤልም በሕይወት አለ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ አደጋ አልደረሰበትም። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት የቀረውን ስታነቢ እንዳትደነግጪብኝ ነው።

ከስንት ዘመን በኋላ ደብዳቤ ሲደርስሽ ሳህሉን ምን ነካው ሳትይ አትቀሪም። ድሮ እንጻጻፍ ነበር፤ ያንቺ ደብዳቤዎች ዛሬም ድረስ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠዋል። አሁን ግን ሁለት ዓመት ሆነሽ፣ በስልክ ድምፅሽን ብቻ ነው የምትልኪልን፤ ለበዓል እንኳ አንዲት መስመር አትጽፊም። ሥራ በዝቶባት ነው እንል ነበር። እኔም በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። አንተ ሰውዬ ዝናብ ብቻ ሆነሃል ብለሽ ስቀሽብኛል። ወረቀት የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

መቼም ሥራዬ እስከ ዛሬ አልገባሽም። ሰው ሲጠይቅሽ ወንድሜ አሰልጣኝ ነው ትያለሽ አሉ። አይደለሁም። አሰልጣኙ ያሉትን ተጫዋቾች ያሰልፋል፤ እነማን እንደሚኖሩት የምወስነው እኔ ነኝ። ማን ይምጣ፣ ማን ይሰናበት፣ ማን በማን ይለወጥ፣ የአምስት በር ስፖርት ክለብ ሥራ አስኪያጅ ማለት ይኸው ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ አሰልጣኙን በትከሻ ይሸከሙታል፤ ሲሸነፍ ሸዋ በር ሚኒባስ ስጠብቅ የምሰደበው እኔ ነኝ። ባለፈው አንድ ረዳት፣ ይህ ሰውዬ ተጫዋች የሚመርጠው ዓይኑን ጨፍኖ ነው ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። ያን ቀን እኔም ስቄ ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመቴ የክለቡ ማሊያ አጣቢ ሆኜ ስገባ አባባ አንድ ወር ሙሉ አኩርፈውኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ከማሊያ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ከዚያ ጸሐፊነት፣ ከዚያ ቡድን መሪነት እያልኩ፣ ይህን ወንበር ከያዝኩ ዘንድሮ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያፈራሁት አንድ ነገር ቢኖር ቃሌን ነው። የታመመውን ጤነኛ ነው ብዬ ለሌላ ክለብ አሳልፌ አላውቅም። ስለዚህ ከእኔ ዘንድ የሚሄድ ተጫዋች ሐኪም ዘንድ አይላክም፤ ሳህሉ ደህና ነው ካለ ደህና ነው ይባልና ያልቃል። ይህን የምነግርሽ ልኮራብሽ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልኮራም ነው፤ ግን ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዘንድሮ ወደ ላይኛው ሊግ ልናድግ አንድ ነጥብ ጎደለን። ጎል የሚያገባልን አጣን። ከአዋሽ ማዶ ያለ አንድ ትልቅ ክለብ ሐምዲ የሚባል አጥቂ አለው፤ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሀሚድ ደግሞ የሃያ ዓመት ወዳጄ ነው። በረኛ ቸግሮታልና ሐምዲን ልስጥህ፣ ኡራኤልን ስጠኝ አለኝ። እትዬ፣ ልጅሽ በሃያ ስድስት ዓመቱ የላይኛው ሊግ በረኛ ሊሆን! እኔ አጎቱ ስለሆንኩ አልወስንም ብዬ ለቦርዱ ተውኩት፤ ቦርዱ በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። ኡራኤል የሰማ ዕለት ባለቤቴን ዕፀገነትን ከወጥ ቤት ጎትቶ አውጥቶ፣ ከነሽርጧ አስጨፈራት። የቀረው የእኔ ቃል ብቻ ነበር። ሀሚድ በረኛው ጤነኛ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ግን፣ ዓርብ እነግርሃለሁ አልኩት።

ወዲያው አዎ እንዳልል ያደረገኝ ደብተሬ ነው። የሚገቡብንን ጎሎች አንድ በአንድ የመመዝገብ ልማድ አለኝ፤ ከየት በኩል መጣ፣ ማን ተዘናጋ። ዘንድሮ ኡራኤል ላይ ከገቡት አሥራ ሰባት ጎሎች አሥራ ሦስቱ ከግራው የመጡ ናቸው። ከፊት ለፊቱ የተመታውን እንደ ድሮው ይይዘዋል፤ ከግራ ሲሻማ ግን ኳሱ መረብ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው የሚንቀሳቀሰው። እኔ ሥራ አስኪያጁ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ጥፋቱ የግራ ተከላካያችን የሐሰን ነው ብዬ በየካቲት አሰናበትኩት። ሐሰን ከሄደ በኋላም ጎሎቹ ከግራ መግባታቸውን አላቆሙም።

እንዲህ ግራ ተጋብቼ ሳለሁ ሐምሌ አምስት ቀን ወይዘሮ ሰዐዲያ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ታስታውሻቸዋለሽ፣ አባባ መኪና ግርግር ሰፈር ልብስ ሲሰፉ ከጎናቸው ቅመም ይሸጡ የነበሩት ናቸው፤ አሁን ኤረር በር አጠገብ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ክስ ይዘው ነው የመጡት። ያ የእኅትህ ልጅ ወላሂ ትዕቢት ገብቶታል አሉኝ። በዚያች ጠባብ መንገድ ትከሻው ትከሻዬን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው፣ ሦስት ጊዜ ሰላም አልኩት፤ ዞርም ሳይል አለፈኝ። ሱብሃነላህ፣ አያቱም ልክ እንዲህ ነበሩ፣ ሰላም ስንላቸው ጥለውን ይሄዱ ነበር፤ የዘር ነው አሉ። እገሥጸዋለሁ ብዬ ሸኘኋቸውና በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።

አባባ እኮ ኩሩ አልነበሩም፣ እትዬ። አገሩ ሁሉ ኩሩ ሲላቸው ኖሮ፣ በኋላ መርፌያቸው ውስጥ ክር የምናስገባላቸው እኛ ሆንን፤ ከዚያ ግድግዳ እየዳበሱ ሱቃቸው መሄድ ጀመሩ፤ ከዚያ ሱቁም ቀረ። ምች ነው አልን፣ የሰው ዓይን ነው አልን፣ ጠበል ወሰድናቸው። መጨረሻው እንዴት እንደሆነ አብረን አይተነዋል።

በማግስቱ እሑድ ምሳ ላይ ሆን ብዬ ከኡራኤል በስተግራ ተቀመጥኩ። አንድ መንደሪን አነሣሁና ቀስ ብዬ ወረወርኩለት። ኳስ በመያዝ እንጀራውን የሚበላ ልጅ፣ መንደሪኑ ጆሮውን መትቶት እስኪወድቅ ድረስ አላየውም። ልጄ ገሊላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ፊቱን አዙሮ አየኝ፤ እየፈተንኩት እንደሆነ ገባው።

ጓሮ ወጥተን ሁሉንም ነገረኝ። ካወቀ ዓመት አልፎታል። ድሬዳዋ ሄዶ ተመርምሮ የዓይን ግፊት ነው ብለውታል። ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሐል የሚመጣ በሽታ ነው አሉ፤ አያምም፣ አያቀላም፣ ሰው ሳያውቀው ይገፋል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በየቀኑ ጠብታ እያደረጉ ማቆየት ይቻላል። ጠብታውን በጓንቱ ውስጥ ደብቆ ሲጠቀም ቆይቶ፣ አንድ ቀን ወጌሻችን ሊያይበት ሲል ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ከዚያ ወዲህ አላደረገም። ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ፣ ጋሼ፣ አንተ ይህን ያየኸው ቤት ውስጥ ነው፣ ቢሮ ውስጥ አላየህም፤ አንድ ዓመት ብቻ ልጫወት፣ ከዚያ ራሴ አቆማለሁ አለኝ። አራት ዓመቱ ላይ እጁን እጄ ላይ አስይዘሽው ስትሄጂ፣ እኔ እስክመለስ እንዳይከፋው ብለሽኝ ነበር።

እስከ ዓርብ ድረስ ሰው አልነበርኩም። ቢሮ ስገባ ለሀሚድ ልነግረው እወስናለሁ፤ ቤት ስገባ የልጁን ፊት አይና እተወዋለሁ። ሀሚድ በቃሌ ተማምኖ ቡድኑን በሙሉ ሊጥልበት ነው። ደግሞስ ከግራ የሚመጣው ኳስ ብቻ ነው እንዴ? ጫማም ይመጣል፣ ጉልበትም ይመጣል፣ ራሱን ቢመታውስ? ለዕፀገነት እንኳ መናገር ፈራሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደወልኩና በረኛው ጤነኛ አይደለም አልኩት። ጉልበቱ ነው ወይ አለኝ፤ ዓይኑ ነው አልኩት። ሀሚድም፣ የገዛ ልጅህ ነው እኮ ሳህሉ አለኝ። አዎ፣ የገዛ ልጄ ነው አልኩት። አልሐምዱሊላህ፣ ነገርከኝ ብሎ ዘጋው። ልውውጡ በዚሁ ቀረ።

ለኡራኤል ራሴ ነገርኩት። ቢጮኽብኝ ይሻል ነበር፤ ጓንቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ፣ ሙሰዕብ ቤት ነው ያለው። ሙሰዕብ ተጠባባቂ በረኛችን ነው። የኡራኤልን ቦታ የሚወስደው እሱ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ያም ሆኖ አልጋውን ለቆለታል። ይኸው ዘጠኝ ቀን ሆነ፣ ልጅሽ ስልኬን አያነሣም። በስልክ ለአንቺ ደህና ነኝ፣ ልምምድ ላይ ነኝ ሲልሽ የሰነበተው ከዚያ ሆኖ ነው።

ማክሰኞ ቦርዱ ይሰበሰብብኛል። አጥቂውንም በረኛውንም አሳጣኸን ይሉኛል፤ እሱስ ይሁን። ዓመቱን ሙሉ ዓይኑን የታመመ በረኛ ሲሰለፍ አንተ የት ነበርክ ሲሉኝ ግን እውነታቸውን ነው። የሐሰንን ነገር ራሴ አነሣዋለሁ። ባጃጅ ይነዳል አሁን፤ ፈልጌ አግኝቼ በደልኩህ ስለው፣ ግባ ጋሽ ሳህሉ ብሎ ቤቴ ድረስ አደረሰኝና ሒሳብ አልቀበልም አለ። ወንበሬን ከወሰዱብኝ ይውሰዱት፣ ማሊያ ማጠብ አልረሳሁም። ይህን ብዬ ልቀልድ እንጂ ፈርቻለሁ፣ እትዬ፤ ከዚህ ክለብ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ትናንት በቅዱስ ገብርኤል ዕለት ዕፀገነት ቁልቢ ደርሳ ስትመለስ የሙሰዕብ መልእክት ደረሰን። ኡራኤል ሐሙስ ሐኪም ዘንድ ከእኔ ጋር ለመሄድ እሺ ብሏል፤ ግን እናቴ እንዳትሰማ ብሏል። አትሰማም ብዬ ላክሁበት። ይኸው ቀለሙ ሳይደርቅ እየነገርኩሽ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከዳሁት ማለት ነው፤ ሲያውቅ ምን እንደሚለኝ አላውቅም።

ያስገደደኝ የድሬዳዋው ሐኪም ወረቀት ነው። በሽታው በዘር ሊሄድ ይችላልና የሥጋ ዘመዶች በሙሉ ይመርመሩ ብሎ ጽፎለታል፤ ልጁ ያንን ወረቀት ዓመት ሙሉ ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞሯል። እኔ ረቡዕ ታየሁ፤ ደህና ነህ አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንቺን አሰብኩ። ኡራኤል የአባባ የልጅ ልጅ የሆነው በእኔ በኩል አይደለም፣ ባንቺ በኩል ነው። ልሳሳት እችላለሁ፤ እንድሳሳት ነው የምጸልየው።

እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ደረጃው እርጥብ ነበር ወይ? መጻፍ ለምን ተውሽ? በፋሲካ በስልክ እየተያየን ስናወራ ዮዲ የት ገባች ብለሽ ተጣራሽ፤ ዮዲ ከጎንሽ ቆማ ነበር። ሁላችንም ሳቅን። ከሰሞኑ ያ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል።

ወረቀት የመረጥኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። በስልክ ደህና ነኝ ትይኛለሽ፣ ድምፅሽም ያምራል። ወረቀት ግን በዓይን ነው የሚነበበው። ስለዚህ መልሱን በድምፅ አትላኪልኝ፤ በገዛ እጅሽ ጻፊልኝ። ሁለት መስመር ይበቃኛል፣ ስድብም ቢሆን።

ዕፀገነት በእጅጉ ትናፍቅሻለች፣ ለእጅሽ ብላ ከቁልቢ እምነት ይዛልሻለች። ገሊላ አክስቴን ሳሙልኝ ትላለች፤ ያንን መንደሪን ካነሣሁባት ታለቅሳለች። ወይዘሮ ሰዐዲያ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ስነግራቸው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ወዲህ በየሶላታቸው ዱዓ ያደርጉለታል፣ ለአንቺም ሰላም ብለዋል። ሙሰዕብ ለኡራኤል እናት ብሎ ሰላምታ ልኳል። ለሴትዮሽም ከሐረር እግዚአብሔር ይማርዎት በይልኝ።

የዮዲን ሰላምታ ለብቻው አስቀርቼዋለሁ። ዮዲዬ፣ አጎትሽ ሳህሉ ነኝ። እስከዚህ ድረስ ለእናትሽ ያነበብሽላት አንቺ ከሆንሽ፣ መልሱ ደርሶኛል፤ ሌላ መጻፍ አያስፈልጋትም። ወረቀቱን አስቀምጪና እጇን ያዢልኝ። ከጎኗ አትቁሚ፣ እንድታይሽ ፊት ለፊቷ ሁኚ። ነገ ጠዋት፣ ሥራ አለብኝ ብትልሽም፣ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

ወንድምሽ ሳህሉ
ሐረር፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.