ሁለቱ ለጉልበቴ፣ አንዷ ለእናንተ

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለአያንቱ
ባሌ፣ ዲንሾ

አከም ጅርታ የኔ ልጅ? የደብዳቤ ወግ «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ መጀመር ነው፤ ሰው ታሞም ቢሆን እንዲያ ይጽፋል። እኔ ግን ዛሬ እውነቴን ነው፤ ጉልበቴ ሳይቀር ደህና ነው። ስልኩ እየተቆራረጠ አልሰማ ስላለን በመሠረተ ትምህርት የተማርኩትን ፊደል አስታውሼ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ደግሞም የምነግርሽ ነገር በአፍ ቢሆን የሚተናነቀኝ ስለሆነ በወረቀት ይሻለኛል።

ነገሩ የላክሽልኝ የተራራ ምርኩዞች ጉዳይ ነው። አምና በፋሲካ ሰሞን ሲደርሱኝ ምን እንዳልኩ ወንድምሽ ሞቲ ሳይነግርሽ አይቀርም። «ፈጣሪ ሁለት እግር የሰጠውን ሰው በአራት ሂድ ትለዋለች እንዴ?» ብዬ አንዱን የዶሮ ቤት መወርወሪያ አደረግሁት፣ በሌላው ሽንኩርት ሰቀልኩበት። ምስጋናም አልላክሁልሽም። ቂም ነበረብኛ! ተምረሽ ባንክ ትገቢልኛለሽ ስል፣ እንግዳ እየመራሁ ተራራ እወጣለሁ ስትይኝ «ይሄ መንከራተት እንጂ ሥራ አይደለም» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ይኸው ሁለት ዓመት አልመጣሽም፣ እኔም ነይ ሳልልሽ ቀረሁ።

ከዚያ ጉልበቴ ባሰብኝ። ሐኪሙ አገላብጦ አየኝና «ቁልቁለት እንዳይወርዱ» አለኝ። ቤታችን ያለው ጉብታ ላይ ነው፤ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሰው ሁሉ ያለው ታች አስፋልቱ ዳር። ቁልቁለት አትውረጂ ማለት ቤትሽ ተቀብረሽ ቅሪ ማለት ነው። በየሳምንቱ ዳገቱን ወጥታ የምትጠይቀኝ ረምዚያ ብቻ ነበረች፣ የባለ ሱቁ የጃዕፈር ሚስት። መስከረም ላይ የዶሮ ቤቱን አየችና «እትዬ ብርቅዬ፣ ይሄ እኮ ልጅዎ የላከችው ነው! ጉልበታቸውን ያመማቸው ዶሮዎቹ ናቸው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅ ገደለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ከዕቃው ጋር የላክሽውን ወረቀት ከሣጥን አውጥተን ከሞቲ ጋር አነበብነው። ስንት አስበሽ እንደመረጥሽልኝ ያኔ ነው የገባኝ። እየተጠመዘዘ የሚጠብቀው ክብደት ሲበዛበት ይንሸራተታል ብለሽ በምላስ የሚቆለፈውን ገዛሽልኝ፤ እጄ በላብ እንዳያሟልጨኝ ብለሽ ደግሞ መያዣው ቡሽ የሆነውን። «ክርንሽ ዘጠና ዲግሪ ይታጠፍ» ይላል። እኔ ዲግሪ የማውቀው የሰው ልጅ ሲመረቅ ነው! ሞቲ የትምህርት ቤት መለኪያውን ክርኔ ላይ ለጥፎ ለካኝና ልኩ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባበት።

መጀመሪያ ሁለቱንም ባንድ ላይ ወደ ፊት እየወረወርኩ እንደ እንቁራሪት ዘለልኩ። የእጅ ማሰሪያውንም ከላይ ወደ ታች ነበር ያጠለቅሁት፤ አንጓዬን ሲገዘግዘኝ ሰነበተ። ወረቀትሽን ደግመን ብናየው እጅ ከሥር ወደ ላይ ይገባል፣ ቀኝ እግር ከግራ ምርኩዝ ጋር ይሄዳል ይላል። ጥቅምትን ሙሉ ከጓሯችን በላይ ባለው ሜዳ ከላሞቹ ጋር ተለማመድኩ። በማለዳ የሚሮጡት አትሌቶች ሳይቀሩ «በርቱ ማዘር!» ይሉኝ ጀመር። ቁልቁለቱን ግን ገና አልሞከርኩትም ነበር፤ ፈራሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ያገሩን ሁኔታ ሰምተሻል። ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር መሬታችንን ሊውጥ ነው ብለው ልጆቹ ከተነሱ ወዲህ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ ሦስት ቀን ዝግ ነው። እውነታቸውን ነው፤ የኔም ሆድ ይቃጠላል። የአጎትሽ ማሳ ላይ የበቀለውን ቪላ አይተሽዋል። ቁጣ ግን ዓይን የለውም።

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ጎረቤታችን አረጋሽ እያለከለከች መጣች። ልጆቹ የጃዕፈርን ሱቅ ሊያቃጥሉ እየሄዱ ነው አለች። ከሱቁ በላይ ያለውን ክፍል የመሬት ደላላ ተከራይቶት ነበር። ሰውዬው ከጠፋ ሁለት ወር አልፎታል፤ የቀረው ታፔላው ብቻ ነው። ጃዕፈር ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበታል። ረምዚያ ከሁለት ልጆቿ ጋር ከውስጥ ቆልፋ ተቀምጣለች።

ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው እኛ ደጅ ተሰበሰቡ። መቼም ታውቂያለሽ፣ ያቺን የሠርግ በትር፣ ሲንቄን፣ የያዙ ሴቶች መሐል ከገቡ ጠበኛ እጁን ይሰበስባል፤ እነሱን ጥሶ የሚያልፍ ወንድ የለም። ከፊት የምትሄደው ደግሞ በዕድሜ ትልቋ ናት። ትልቋ እኔ። «ጉልበትሽ አይችልም፤ ሲንቄሽን ስጪንና እኛ እንያዝልሽ» አሉኝ። «ሲንቄ በውክልና ይሄዳል እንዴ?» ብዬ ከተሰካችበት ከጣሪያ ሥር መዘዝኳት። አረጋሽ «በይ እሷኑ ተደግፈሽ ውረጂ» አለችኝ። ጨንቋት ነው እንጂ እሷም ታውቃለች። እናቴ በሠርጌ ዕለት ስትሰጠኝ «ይቺ አይመቱባትም፣ አይደገፉባትም» ብላኛለች። የተደገፉባት ሲንቄ ተራ ዱላ ናት፤ ማን ይሰማታል?

ያንቺን ምርኩዞች አመጣሁ። ለቁልቁለት ይረዝማል ብለሽ የለ፣ ከቀዩ ምልክት አራት ጣት አስረዘምኳቸው። መንገዱ ጠጠርና አፈር ስለሆነ የጫፋቸውን ጎማ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ሲንቄዬን ከግራው ምርኩዝ ጋር ባንድ እጄ ያዝኳት፤ ክብደቴን ግን የተሸከመው ምርኩዙ ብቻ ነው። ምርኩዝ ቀድሞ፣ እግር ተከትሎ። ድሮ እሪ የምልበትን መታጠፊያ ዝም ብዬ አለፍኩት። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ከኋላዬ ነበሩ፣ «ኧረ ቀስ በይ!» ሲሉኝ በጆሮዬ ሰማሁ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ቀስ በይ ተባልኩ ልጄ!

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ጎማውን መመለስ ረሳሁ። ብረቱ አስፋልቱን ቋ፣ ቋ ሲያደርገው ልጆቹ ዞረው አዩን። እልል ብለን መሐል ገባንና ጀርባችንን ለሱቁ በር ሰጥተን ቆምን።

«አዴ ብርቅዬ፣ አንቱ ገለል ይበሉ፤ ይሄ የደላላ ቤት ነው» አለኝ አንዱ።

«ደላላው ሄዷል። ውስጥ ያለችው፣ አንተ ስትወለድ እናትህን ገንፎ ያበላቻት ረምዚያ ናት» አልኩት።

ከኋላ ሌላው «ታዲያ ሦስት ዱላ ምን ያደርጋል? ሊገርፉን ነው?» አለ።

«ሁለቱ ለጉልበቴ፣ አንዷ ለእናንተ!»

ሳቅ አመለጣቸው። ከፊት የቆመ፣ ፊቱን በሰማያዊ ሻርፕ የሸፈነ አንድ ልጅ ግን አልሳቀም፤ ድንጋይ ይዟል። ሲንቄዬን ከፍ ሳደርግ የግራው ምርኩዝ አምልጦኝ ወደቀ፣ ጉልበቴም ከዳኝ። ልጁ ድንጋዩን ጥሎ ሮጦ ደገፈኝ። ምርኩዙን አነሳ፤ ሜዳ ነው ብሎ ነው መሰል፣ ምላሱን ከፍቶ እስከ ቀዩ ምልክት አሳጠረውና ቆለፈው። ከዚያ እጄን ይዞ ከሥር ወደ ላይ በማሰሪያው ውስጥ አስገባልኝ። ዞሮ ከኛ ጎን፣ ከሱቁ በር ፊት ቆመ።

ያኔ የቀሩትም ድንጋያቸውን አንድ በአንድ ጣሉ። የእርቅ ምልክት እርጥብ ሣር ሰጠናቸው፣ ተቀበሉን። የደላላውን ታፔላ አውርደው ሰበሩት፤ በሱ ማንም አላለቀሰም። ረምዚያ በሩን ከፍታ ወጣችና አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ እያለቀሰች «የዶሮ ቤቱ መወርወሪያ ደረሰልኝ!» አለች። አስፋልቱ ዳር ቆመን ስንስቅና ስናለቅስ ዋልን።

ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ሰውን ከማይወርድበት አውርዶ፣ ከማይወጣበት አውጥቶ በሰላም ማድረስ ሥራ ነው። ትልቅ ሥራ ነው። ዳገቱን ስመለስ ምርኩዞቹን አሳጥሬ፣ ማንም ሳይደግፈኝ ወጥቼ ገባሁ። መንገዱ ሲከፈት ነይ። እንጦጦን አብረን እንወጣለን፤ አንቺ ምሪኝ፣ እኔ እከተላለሁ።

የምትወጪው ዳገት ይቅለልሽ፣ የምትወርጂው ቁልቁለት አያዳልጥሽ። ዋቃ ከጭጋጉም ከገደሉም ይጠብቅሽ።

ባለ ሦስት ዱላዋ እናትሽ
ብርቅዬ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሞቲ ሐሙስ ዕለት ራሱን አሞት ቤት ተኝቶ ነው የዋለው። ማንም ቢጠይቅሽ እንዲሁ በይ። ከባሌ የላክሽለትን ሰማያዊ ሻርፕ በማግስቱ አጠብኩለት፤ የተቃጠለ ጎማ ጭሱ አልለቅ ብሎ ሁለት ሳሙና ፈጀብኝ። አሁን ግን ጠድቷል፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።